የእማማ ዘጠኝ ልጆች

እማማ ስልሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዘጠኝ ልጆች ወለዱ። የወለዱት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። አዋላጃቸው የቀበሌው ጸሐፊ ነበር። ከዘጠኙ አንዷ እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገር። አባቴ ሸማኔ ነው። እናቴን፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ይዞ ከጋሞ ደጋ አዲስ አበባ ሲገባ ያረፍነው ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ገበያ ጀርባ፣ እማማ ግቢ ውስጥ ነው። ከፊት ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት የእሳቸው ነበር። ጓሮ ያለውን ረጅም የጭቃ ቤት ደግሞ አራት የሸማኔ ቤተሰቦች በጆንያና በካርቶን ከፋፍለን እንኖርበታለን። ሁላችንም ካንድ አገር የመጣን ነን። ቀን ቀን አራቱ የሽመና ዕቃ ባንድ ላይ ሲንኳኳ ቤቱ ተነስቶ የሚሄድ ባቡር ይመስል ነበር።

እማማ የጉለሌ ሰው ናቸው። እዚያው ተወልደው፣ እዚያው ተድረው፣ ባላቸውንም እዚያው ቀብረዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ሦስተኛ ቤት የሚሰሙ ሴት ነበሩ። ጥጥ እየፈተሉ ለሸማኔዎች ይሸጣሉ። ልጅ አልወለዱም፤ ይህንንም አይሸሽጉትም። «እግዚአብሔር ማኅፀኔን ሲዘጋ አፌን ከፈተው» ይሉ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሁላችንም እንሸሽግ ነበር። ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ቤት ማከራየት ያስቀጣል። ስለዚህ እማማ ግቢ ውስጥ «ኪራይ» የሚል ቃል አይነሳም። አባቶቻችን ወር በገባ ቁጥር «ለሻማ ይሁንዎ» ብለው ያስጨብጧቸዋል፤ እሳቸውም «እመቤቴ ትቀበልልህ» ብለው በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩታል። እኛ ልጆቹ የምር ሻማ የሚገዙበት ይመስለን ነበር።

በግቢው ለትምህርት የደረስን ዘጠኝ ልጆች ነበርን። ትምህርት ቤቱ ያለ ብዙ ጥያቄ ተቀበለን። አንድ ቀን፣ ዓመቱ አጋማሽ ላይ፣ የጭነት መኪና መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ጆንያ፣ ጆንያ፣ ቆርቆሮ ዘይት፣ እንደገና ጆንያ እያወረዱ ወደ መጋዘን አስገቡ። በማግስቱ አስተማሪያችን፣ እኛ «እትዬ» የምንላቸው ወጣት ሴት፣ ሰሌዳውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉና «ችግረኛ ልጆች ከዛሬ ጀምሮ ምሳ በነፃ ይበላሉ» አሉ። ክፍሉ ጮኸ። እኔም ጮህኩ። አማርኛዬ ገና የግማሽ ዓመት ነበርና «ችግረኛ» ምን እንደሆነ በደንብ አላውቅም። «ምሳ» የሚለውን ግን ጥርት አድርጌ አውቀዋለሁ።

በምሳ ሰዓት ተሰለፍን። በተቆረጠ በርሜል የተቀቀለ የስንዴ ቅንጬ፣ ላዩ ላይ ቢጫ ዘይት እያብለጨለጨ፣ ከሩቅ ይሸታል። ምግብ አብሳይዋ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ እንደ አካፋ ትልቅ ጭልፋ ይዘው ቆመዋል። እትዬ ከአጠገባቸው ሆነው ከወረቀት ላይ ስም ይፈልጋሉ። ተራዬ ደረሰ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አዩት።

«ስምሽ የለም» አሉኝ።

«አለኝ!» አልኩ።

«እዚህ የለም ማለቴ ነው።»

«እዚህ አለ!» ብዬ ደረቴን መታሁ።

ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። የረታሁ መስሎኝ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እትዬ ግን አልሳቁም። ወደ ጎን ወሰዱኝና ቀስ ብለው አስረዱኝ። ዝርዝሩ የመጣው ከቀበሌ ነው። ወላጁ በቀበሌው ያልተመዘገበ፣ የቤት ቁጥር የሌለው ልጅ ስሙ አይገባም። ከእኔ በኋላ ወንድሜም፣ የአጎቴ ልጅም፣ ሌሎቹም እንደዚያው ተባሉ። ዘጠኛችንም ከሰልፍ ወጣን።

ከቤት የያዝነውን የተቀቀለ ድንች ይዘን ከምግብ ማብሰያው ጀርባ ሄድን። የአጎቴ ልጅ እኩያዬ ናት፤ መላ አታጣም። «ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለችን። «ሽታውን ሳቡ። አሁን ድንቹን ግመጡ።» ጨፍነን፣ ስበን፣ ገመጥን። «ቅንጬ ሆነ አይደል?» አለች። ወንድሜ አላምጦ ሲያበቃ «የእኔ ገና ድንች ነው» አለ። በዚህ ስንስቅ ግማሹ ድንች መሬት ወደቀ፤ ከመሬት አንስተን በላነው።

አባቴ በማግስቱ ሥራ ፈትቶ ቀበሌ ሄደ። ሲመለስ ኮቱን እንደለበሰ ሸማኔ እግሩን የሚያወርድበት የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። «መሸኛ አምጣ አሉኝ» አለ ለእናቴ። መሸኛ ማለት ከአገር ቤት ገበሬ ማኅበር «ይህ ሰው የእኛ ነበር፣ ለቀናል» የሚል ማኅተም ያለው ወረቀት ነው። አባቴ ደግሞ ከአገሩ የወጣው ማንንም ሳያስፈቅድ ነው። እሱን ለማምጣት ቢሄድ መመለሱንም እንጃ። እናቴ ድንች መላጥ ጀመረች።

ሳምንት ያህል እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን እማማ ከእንጦጦ ማርያም ሲመለሱ ትምህርት ቤቱን ታክከው ያልፋሉ፤ አዩን። ዘጠኛችን በተርታ አጥር ሥር ተቀምጠን፣ ዓይናችንን ጨፍነን፣ አፍንጫችንን ወደ ሰማይ አንስተን ድንች እናላምጣለን።

«ምን እያደረጋችሁ ነው? ጸሎት ነው?» ብለው በአጥሩ ቀዳዳ ጮሁ።

«ቅንጬ እየበላን ነው» አለች የአጎቴ ልጅ።

እማማ ቅንጬውን ፈለጉት፤ የለም። ነገሩን አወጣጡን። ስለ ዝርዝሩ፣ ስለ ቤት ቁጥሩ፣ ስለ መሸኛው ነገርናቸው። ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። «በእኔ አጥር ውስጥ እያደራችሁ የቤት ቁጥር የላችሁም?» አሉ። «ቁጥሩ በሬ ላይ በቀለም ተጽፎ የለም እንዴ! ቅዳሜ ጠዋት ታጥባችሁ ጠብቁኝ።»

ታጥበን አልጠበቅናቸውም፤ ራሳቸው አጠቡን። የእንጦጦ ብርድ ያደረበትን ውኃ ፊታችን ላይ እያፈሰሱ በፎጣ ፈገፈጉን። ራሳችንን ቫዝሊን ቀቡን። ዘጠኛችን እንደ ጫማ አብለጨለጭን። ከዚያ እሳቸው ከፊት፣ እኛ በቁመታችን ተራ ከኋላ ሆነን በሽሮ ሜዳ ገበያ መሃል አለፍን። ጋቢና ነጠላ የሚሸጡት ሴቶች ሥራቸውን ትተው ያዩናል።

«እማማ፣ ወዴት ነው ዘመቻው?» አለች አንዷ።

«ወደ ምሳ!» አሉ እማማ ሳይዞሩ።

ቀበሌ በር ላይ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ «ልጆቹ ውጭ ይቆዩ» ሊል አፉን ሲከፍት እማማ በክንዱ ሥር አለፉ፤ እኛም ተከተልን። ውስጥ ብዙ ባለጉዳይ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ይጠብቃል። ጸሐፊው ካኪ የለበሰ፣ መነጽሩን በክር ያሰረ ወጣት ነው፤ ከፊቱ ትልቅ መዝገብ ተዘርግቷል።

የእማማ ሐሳብ «ጎረቤቶቼ ናቸው፣ ችግረኞች ናቸው፣ እመሰክርላቸዋለሁ» ለማለት ነበር። በመንገድ ላይ ሲለማመዱት ሰምቻለሁ። ጸሐፊው ግን ቀደማቸው።

«እነዚህ ልጆች የት ነው የሚኖሩት?»

«እኔ ግቢ።»

ብዕሩን አስቀመጠና ቀና አለ። «በኪራይ?»

እማማ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ሲያጡ አየኋቸው። በዚህ መሃል የአጎቴ ልጅ ልትረዳቸው ፈለገች።

«ኪራይ አንከፍልም» አለች ጮክ ብላ። «ሻማ ነው የምንሰጣቸው።»

«የምን ሻማ?» አለ ጸሐፊው።

«የማርያም።»

ጸሐፊው መነጽሩን አስተካከለ። «እማማ፣ ከእነዚህ ልጆች ጋር ዝምድናዎ ምንድን ነው?»

እማማ ያኔ ወለዱን። እጃቸውን ዘርግተው ዘጠኛችንንም በነጠላቸው ሥር ሰበሰቡንና «ልጆቼ ናቸው» አሉ።

«ዘጠኙም?»

«ዘጠኙም።»

ጸሐፊው ተነስቶ እየዞረ አየን። «ይህች ስንት ዓመቷ ነው?» ብሎ እኔን ጠቆመ።

«ዘጠኝ።»

«ይህችስ?» የአጎቴን ልጅ።

«ዘጠኝ።»

«ይሄስ? እነዚያስ ሁለቱ?»

«ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ።»

«አምስቱ እኩያ?»

«መንታ ናቸው።»

«መንታ ሁለት ነው፣ እማማ!»

«አብዝቶ ሲሰጥህ ትመልሳለህ?»

ከአግዳሚው ወንበር አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ። ጸሐፊው ወደ ወንድሜ ዞረ። ወንድሜ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከቤት የሚወጣው ለትምህርት ብቻ ስለሆነ አማርኛው እንደ እኔ እንኳ አልደረሰም። «እናትህ ማናት?» ሲለው ወንድሜ ደነገጠና በጋሞኛ «ቤት ናት» ብሎ መለሰ። ጸሐፊው ቃሉ አልገባውም፤ ቋንቋው አማርኛ አለመሆኑ ግን ገባው።

«ይሄ ልጅ አማርኛ አይችልም!»

«አፉን ገና እየፈታ ነው» አሉ እማማ።

«ሰባት ዓመቱ ነው!»

«ያባቱ ወገን አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው።»

«በስንት ዓመትዎ ነው የወለዱት ታዲያ?»

እማማ በልባቸው አሰሉ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። «በሃምሳ አምስት» አሉ፤ ከዚያም ጸሐፊው ሳይተነፍስ «ሣራ በዘጠና ወልዳለች» ብለው ጨመሩ።

እዚህ ላይ እኔ አልቻልኩም። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ፤ ሳቁ በአፍንጫዬ ወጣ። የአጎቴ ልጅ አየችኝና ተከተለች። ከዚያ ዘጠኛችንም ሳቅን፤ ከዚያ አግዳሚው ወንበር ከዳር እስከ ዳር ሳቀ፤ ጠባቂው ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሆዱን ያዘ። እማማ ብቻ አልሳቁም። ዓይናቸው እንደ ምስክር ቀጥ ብሎ ጸሐፊው ላይ ነበር።

የውስጠኛው በር ተከፈተና የቀበሌው ሊቀመንበር ብቅ አሉ። ሳቁ እንደ ሻማ እፍ ተባለ። ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራቸው፣ ጥርሳቸው ምን ቀለም እንደሆነ ማንም የማያውቅ ሰው ነበሩ። «ምንድን ነው?» አሉ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኒህ እናት ዘጠኝ ልጅ ወለድኩ ይላሉ» አለ ጸሐፊው።

«መቼ?»

«እ... አሁን ይመስለኛል።»

ሊቀመንበሩ ወደ እማማ መጡ። እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ዝቅ ማለት እንደሚችልም ያን ቀን አወቅሁ። «ልጄ» አሏቸው፣ «አልዋሽህም። አልወለድኳቸውም። ግን አጥር ሥር ተቀምጠው የሰው ቅንጬ በአፍንጫቸው ሲበሉ አየሁ። አባቶቻቸው መሸኛ የላቸውም። መሸኛ የሌለው ሆድ አይርበውም እንዴ? ቀይም ይሁን ሰማያዊ፣ ያንን ማኅተማችሁን እኔ ላይ ምቱ፣ እነሱ ይብሉ።»

ሊቀመንበሩ ወንድሜን አዩ። ወንድሜ በፍርሃት የሚያውቀውን ብቸኛ ረጅም የአማርኛ ዓረፍተ ነገር፣ በየጠዋቱ በሰልፍ ሰንደቅ ዓላማ ስንሰቅል የምንለውን መፈክር፣ እጁን በቡጢ ወደ ላይ አንስቶ ጮኸ።

የሊቀመንበሩ ጥርስ ነጭ ነበር። መሃሉ ላይ ፍንጭት አላቸው። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «አሳዳጊ ብለህ ጻፍ» አሉ ለጸሐፊው። «አንድ አሳዳጊ ስንት ልጅ ያሳድግ የሚል መመሪያ አላየሁም። አንተ አይተሃል?»

«አላየሁም፣ ጓድ።»

«በቃ ጻፍ።»

ጸሐፊው ጻፈ። «የአባት ስም» የሚለው ቦታ ሲደርስ እማማ ያለ ማወላወል የሟች ባላቸውን ስም ሰጡ፤ ዘጠኝ ጊዜ።

ወደ ቤት የተመለስነው እየሮጥን ነው። እናቶቻችን እልል አሉ። አባቴ ግን መወርወሪያውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። «ለልጄ ያለኝ ስሜ ብቻ ነው» አለ በዝግታ። «እሱንም ቀማችሁኝ?» እማማ በሽመናው ጉድጓድ አፍ ላይ ቁጢጥ አሉ።

«ስማ» አሉት። «የኔ ሰውዬ አባት ሳይባል ነው የሞተው። አርባ ዓመት ሙሉ ሰፈሩ የባሌን ስም ከልጅ ስም ጋር ጠርቶት አያውቅም። ስሙ ከልጆቹ ጋር ለአንድ ዓመት ይዋል፣ እባክህ። በልተው ሲያድጉ ትወስዳቸዋለህ።»

አባቴ ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ ወደ ጎኑ ጠጋ ብሎ፣ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ እንዲቀመጡ የራሱን ጋቢ አነጠፈላቸው።

ሰኞ ዕለት ሳህን ይዞ መምጣት ግድ ነበር። ጓሯችን ዘጠኝ ሳህን አልነበረውም። እኔ የእማማን የእጅ ማስታጠቢያ ያዝኩ፣ ወንድሜ የድስት ክዳን፣ የአጎቴ ልጅ ደግሞ ዕቃ ስትመርጥ ዘግይታ የዘይት ቆርቆሮ ደረሳት። እትዬ ዝርዝሩን መጥራት ጀመሩ። የእማማ ባል ስም ተጠራ፤ እንደገና ተጠራ፤ አምስተኛው ላይ ሰልፈኛው ልጅ ሁሉ የአባት ስሙን ከእሳቸው ጋር በአንድ ድምፅ መጥራት ጀመረ፤ ዘጠነኛው ላይ ግቢው አስተጋባ። ያ የማላውቀው ሰው ያን ቀን የጉለሌ ትልቁ አባት ሆነ።

አብሳይዋ ማስታጠቢያዬን አይተው «ይሄን ልሙላው ወይስ እጅ ልታጠብበት?» አሉና ሞሉት። ቅንጬው ትኩስ ነው። ዘይቱ በአገጬ ወረደ። ቀጥሎ የዱቄት ወተት መጣ። ዱቄቱ በውኃ ይበጠበጣል፤ እኛ ግን አብሳይዋ ዞር ሲሉ ደረቁን በመዳፋችን ተቀብለን አፋችን ውስጥ ጨመርነው። ላንቃችን ላይ ተጣበቀ። ማንም መናገር አልቻለም። የአጎቴ ልጅ «ህም፣ ህም» እያለች ልትነግረኝ የፈለገችውን ነገር እስከ ዛሬ አላውቅም። ወንድሜ ሳቀ፤ ከአፉ ነጭ ጢስ ቦነነና ፊቴን ሞላው። እኔም ሳቅሁ፤ የእኔ ደግሞ እሱ ላይ ቦነነ። ለደወል የተሰቀለው የሐዲድ ብረት ሲመታ ዘጠኝ ዱቄት የተነፋባቸው ልጆች ሜዳው ላይ ተንጋለው፣ ስቅ እያላቸው፣ ሆዳቸውን ይዘው ነበር። ክፍል ስንገባ እትዬ አዩንና ወደ ሰሌዳው ዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። በሁለተኛው ሳምንት ጸሐፊው ቢሮውን ሲከፍት አግዳሚው ወንበር ላይ አራት ባልቴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠው ጠበቁት፤ እያንዳንዳቸው በጓሯቸው የሚኖሩትን የሸማኔ፣ የሸክላ ሠሪና የቀን ሠራተኛ ልጆች አጥበው፣ ቫዝሊን ቀብተው አምጥተዋል። «አሳዳጊ» አለች የመጀመሪያዋ፣ ሳትጠየቅ። ጸሐፊው አዲስ መዝገብ ከፈተ ይባላል።

መሸኛው የመጣው ከዓመት በኋላ ነው። አንድ ዘመድ አገር ቤት ሄዶ፣ ለምኖ፣ ማኅተም አስመትቶ አመጣው፤ የአባቴም ስም ከስሜ ጋር ተመለሰ። ምሳው ግን አልተቋረጠብንም። ከዚያ በፊት፣ በዓመቱ መጨረሻ፣ አንድ የወላጆች ቀን ነበር። እማማ የጥምቀት ቀሚሳቸውን ለብሰው ከፊት ረድፍ ተቀመጡ፤ አባቴ «ጎረቤት ነኝ» ብሎ ከአጠገባቸው። ዘጠኝ ካርድ ተራ በተራ ተቀበሉ። ማንበብ ስለማይችሉ እያንዳንዱን ካርድ ለአባቴ ያሳያሉ፤ እሱም ስለማይችል በቁም ነገር ራሱን ይነቀንቃል። የመጀመሪያው ካርድ የእኔ ነበር፤ እሱን ሲሰጧቸው እትዬ ጎንበስ ብለው አዋሯቸው።

«ልጅዎ ጎበዝ ናት» አሉ። «ሒሳብ ላይ ግን በጣም ደካማ ናት።»

እማማ ወደ ጎን፣ ወደ አባቴ፣ በዓይናቸው ጥግ አዩና ተነፈሱ።

«ምን ላድርግ» አሉ፣ «በአባቷ ወጥታ ነው።»

አባቴ ከአግዳሚው ወንበር ላይ ሊወድቅ ነበር። እንዲያ ሲስቅ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። እጁን እማማ ትከሻ ላይ አድርጎ፣ እንባው እየወረደ፣ መሳቅ ብቻ ሆነ። እትዬ ግራ ተጋብተው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሳቸውን ያያሉ። እማማ ካርዴን አጥፈው ጉያቸው ውስጥ ከተቱና «የሚቀጥለውን ስጡኝ» አሉ፤ «ገና ስምንት አለኝ።»